ከዕጣ ወደ ምክንያት፦ የልብ ሕመም አጋላጮች የታወቁበት ታሪክ

ሰው በማለዳ ጤነኛ ሆኖ ከቤቱ ወጥቶ ሲመሽ ሬሳው በቃሬዛ ሲመለስ፣ ለቀስተኛው «ቀኑ ደረሰ» ከማለት በቀር የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ሐኪሙም «ልቡ ቆመ» ከማለት በቀር የሚሰጠው መልስ ያልነበረበት ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም፤ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ የነበረ ነው። ዛሬ ግን በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ በሽተኛው ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ፣ ግፊቱን ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ስኳር ይኖርበት እንደሆነ፣ ከወላጆቹም በልብ ሕመም የሞተ ካለ ትጠይቀዋለች፤ እነዚህ ጥቂት ጥያቄዎች ሲሰሙ ቀላል ይምሰሉ እንጂ የብዙ ትውልድ ድካምና የብዙ ሰው ሕይወት የተከፈለባቸው ናቸው። ጨው ይቀነስ፣ ጮማ ይቅር፣ ሲጋራ ይጣል የሚለውን ምክር ሁላችንም በየአጋጣሚው ሰምተናል፤ ምክሩ ግን ከየት እንደ ተገኘ፣ በምን ፈተና እንዳለፈ፣ ስለ ምንስ ይህን ያህል እንደ ዘገየ በተርታ ሲተረክ የሰማን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ነገሩን ከጥንቱ ጀምሬ በየዘመኑ እተርካለሁ፤ የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት አስፍሬዋለሁ።

ከ1628 እስከ 1793፦ የሎንዶን ሐኪሞች

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ መላ አካላትን ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ባስረዳ ጊዜ፣ ከጥንታዊው ሐኪም ከጋሌን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትምህርት ፈረሰ። ከመቶ ዓመት በኋላም ስቲቨን ሄልስ የተባለ ካህን በአንዲት ባዝራ የደም ቧንቧ ውስጥ የናስ ቀሰም ሰክቶ፣ በላዩም ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አቁሞ፣ ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኑ ያየውን በ1733 አሳተመ። ደም በኃይል ተገፍቶ እንደሚሄድ በዚህ ታወቀ፤ ያ ኃይል ከልክ ሲያልፍ ሰውን እንደሚገድል ግን የጠረጠረ አልነበረም።

የልብን ሕመም ለይቶ የተረከው ዊልያም ሄበርደን ነው። ይህ ሐኪም በ1768 በሎንዶን ለሐኪሞች ኮሌጅ ባነበበው ጽሑፍ፣ ሰው ሲራመድ፣ ይልቁንም በልቶ ዳገት ሲወጣ፣ ደረቱን ጨምቆ የሚይዘው፣ ቆም ሲል ግን ወዲያው የሚለቀው ሕመም እንዳለ አስረዳ፤ ኋላም ከሕመምተኞቹ አንዱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ መቁረጥን ልማድ አድርጎ ሊድን ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ጻፈ። የሰውነት እንቅስቃሴ ለልብ መድኃኒት መሆኑ እንዲህ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ሳለ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዞር ብሎ የመረመረው ሰው አልተገኘም።

በዚያው ዘመን ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሊቅ ጆን ሃንተር በዚህ ሕመም ይሠቃይ ነበር። ደቀ መዝሙሩ ኤድዋርድ ጄነር፣ ያው ኋላ የፈንጣጣን ክትባት ያስገኘው ሰው፣ በዚህ ሕመም የሞቱትን አስከሬን ሲመረምር ልብን የሚመግቡት ደም ቧንቧዎች ደድረውና ጠብበው ስላገኛቸው፣ የሕመሙ ሥር በዚያ መሆኑን ተረድቶ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩን ተስፋ እንዳያስቆርጥ ብሎ ያወቀውን በልቡ ሰውሮ ያዘ። ሃንተር በተቆጣ ጊዜ ሁሉ ሕመሙ ይነሣበት ስለ ነበር፣ ሕይወቱ እርሱን ለማናደድ በተነሣ ሰው እጅ እንዳለች ይናገር ነበር፤ በ1793ም በሚሠራበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ በክርክር መካከል ተቆጥቶ ወጣና ወዲያው ሞተ። ሬሳው ሲመረመር የልቡ ደም ቧንቧዎች ጄነር እንደ ጠረጠረው ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ እንግዲህ በከፊል ታውቆ ነበር፤ የምክንያቱ ምክንያት ግን ገና በጨለማ ውስጥ ነበር።

ከ1896 እስከ 1945፦ መለኪያ ተገኝቶ ማስተዋል የጠፋበት ዘመን

ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን የደም ግፊት መለኪያ ሠራ፤ ሩሲያዊው ወታደራዊ ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭም በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ፣ ከመጠምጠሚያው በታች ማዳመጫ አኑሮ የደሙን ድምፅ በመስማት ላይኛውንና ታችኛውን ቁጥር መለየት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የምናየው ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው። በዚያችው ከተማ በ1913 ኒኮላይ አኒችኮቭ ኮሌስትሮል የተባለውን ስብ ንጹሑን በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ጥንቸሎችን ቢመግብ፣ የደም ቧንቧዎቻቸው ግድግዳ በሰው አስከሬን ላይ የሚታየውን ዓይነት ስብ ሲያጋግር አገኘ። ይህን የመሰለ ግኝት ዓለምን ሊያነቃ በተገባው ነበር፤ ሆኖም በውሻና በአይጥ ላይ ቢሞከር ውጤቱ እንደ ጥንቸሉ ስላልሆነ፣ ጥንቸልም ቅጠል እንጂ ስብ የማትበላ እንስሳ ናት ተብሎ ስለ ተነቀፈ፣ ከሁሉም በላይ የደም ቧንቧ መደደር እንደ ጠጉር መሸበት ያለ የእርጅና ጠባይ ነው የሚለው እምነት በሐኪሞች ኅሊና ውስጥ ሥር ሰድዶ ስለ ነበር፣ ነገሩ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቀረ።

የደም ግፊትንማ ነገር የዚያን ጊዜ ሐኪሞች እንዴት ያዩት እንደ ነበረ ለዛሬ ሰው ማመን ይከብዳል። ደም ቧንቧው በዕድሜ ሲጠብ ደሙን ገፍቶ ለማሳለፍ ግፊቱ መጨመሩ የተፈጥሮ ጥበብ ነው፣ ስለዚህም ሊነካ አይገባውም የሚል ትምህርት በታላላቆቹ ሊቃውንት ዘንድ ጸንቶ ነበር፤ ኋላ የልብን ሕመም ለመከላከል ቀዳሚ ጠበቃ የሆነው የቦስተኑ ፖል ዳድሊ ዋይት እንኳ በ1930ዎቹ እንዲሁ ጽፎአል።

የዚህ ስሕተት ዋጋ በዓለም ሁሉ ፊት የተገለጠው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በፍራንክሊን ሩዝቬልት ሞት ነው። የፕሬዚዳንቱ ግፊት በ1937 162 በ98፣ በ1941 ደግሞ 188 በ105 ደርሶ ሳለ፣ የቅርብ ሐኪሙ አድሚራል ሮስ ማክኢንታየር ለዕድሜው ጤነኛ መሆኑን ለሕዝብ ይናገር ነበር። በመጋቢት 1944 ሃዋርድ ብሩየን የተባለ ወጣት የልብ ሐኪም ቢመረምረው፣ ልቡ ሰፍቶ፣ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ፣ ግፊቱም 186 በ108 ሆኖ አገኘው። የሚሰጠው ግን ምን ነበረ? ለተዳከመ ልብ ዲጂታሊስ የሚባለው ከዕፅ የተቀመመ መድኃኒት፣ ጨው የቀነሰ ምግብ፣ ዕረፍትና ሲጋራውን እንዲያሳንስ ምክር ብቻ ነበር፤ ግፊትን በደኅና የሚያወርድ ክኒን ገና አልተፈጠረምና። በየካቲት 1945 ያ የታመመ ሰው በያልታ ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ተቀምጦ የዓለምን ዕድል ሲወስን፣ ፎቶግራፉን ያዩ ሁሉ ፊቱ መክሳቱን አስተዋሉ። ሚያዝያ 12 ቀን በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በዋርም ስፕሪንግስ ተቀምጦ ሥዕሉ ሲሣል፣ ራሱን ክፉኛ እንዳመመው ተናግሮ ወደቀ፤ ግፊቱ ሲለካ ከ300 በ190 በላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላም አረፈ። ዕድሜው 63 ነበረ። የቅርብ ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ በምድር ላይ ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን የነበረው ሰው የሞተው ሐኪም አጥቶ ሳይሆን፣ ጥበቡ ራሱ ገና ስላልነበረ ነው።

ከ1948 እስከ 1961፦ የፍራሚንግሃም ሰዎች

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1948፣ ተተኪው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የልብን ሕመም የሚመረምር ብሔራዊ ተቋም የሚያቆመውን ሕግ ፈረመ፤ ከዚያም የተነሣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ከቦስተን በስተምዕራብ ባለችው በፍራሚንግሃም ከተማ ለሃያ ዓመት የታቀደ ጥናት ተጀመረ። ከተማይቱ የተመረጠችበት ምክንያት ነበር፤ 28,000 ያህል ሕዝብ ያላት፣ ለሐርቫርድ ሐኪሞች ቅርብ የሆነች፣ ከዚያም ቀደም ብሎ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በአንድነት ተሰልፋ የነበረች ስለ ሆነች፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ሕዝቧ እንግዳ አልነበረም።

የነገሩ ሁሉ መገለባበጫ እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። እስከዚያ ዘመን ድረስ ሕክምና የሚጀምረው ከታመመው ሰው ነበር፤ ሐኪሙ የወደቀውን አይቶ ስለ ምን እንደ ወደቀ ወደኋላ ይገምት ነበር። በፍራሚንግሃም የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ገና ያልታመሙትን፣ ከ30 እስከ 62 ዓመት ያሉትን 5,209 ወንዶችና ሴቶች መዝግቦ፣ በየሁለት ዓመቱ እየጠራ ግፊታቸውን፣ ደማቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የልባቸውን ምት እየለካ፣ ልማዳቸውን እየጠየቀ፣ ማን እንደሚታመምና ማን እንደሚተርፍ ጊዜ ራሱ እስኪናገር ድረስ መጠበቅ ነበር። ሥራውን የጀመረው ጊልሲን ሜዶርስ፣ ከ1949 ጀምሮ የመራው ቶማስ ዶበር ነው፤ እኔ ግን ከሁለቱ ይልቅ የማደንቀው ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ፣ ከሥራው ቀን እየከፈለ፣ መድኃኒት ሳይሰጠው፣ ለክንዱም ለደሙም ዋጋ ሳይጠይቅ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የተመላለሰውን የፋብሪካ ሠራተኛና የቤት እመቤት ነው። ከገሚስ በላይ የሆኑት ሴቶች ነበሩ፤ የልብ ሕመም የወንድ ሕመም ነው ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ ሴቶችን ማስገባት ትልቅ ማስተዋል ነበር።

በ1957 የመጀመሪያው ፍሬ ታየ፤ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ግፊታቸው መልካም ከሆነው ይልቅ በልብ ደም ቧንቧ ሕመም ወደ አራት እጥፍ ያህል ይያዙ ነበር። በ1961 ዊልያም ካነልና ባልደረቦቹ የስድስት ዓመቱን ውጤት ሲያሳትሙ፣ ከፍ ያለ ግፊትና በደም ውስጥ የበዛ ኮሌስትሮል ሕመሙን አስቀድመው የሚያመለክቱ አጋላጮች መሆናቸውን፣ ሁለትና ሦስት አጋላጭ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው እጅግ እንደሚጨምር ገለጡ። ሲጋራም ብዙ ሳይቆይ በዚያው መዝገብ ተከሰሰ፤ የስኳር በሽታ በ1979 በግልጥ ተጨመረ። ከዚህም ሌላ አንድ አስደንጋጭ ነገር ታወቀ፤ ብዙ ሰው ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶበት ሳይሰማው አልፎ፣ ጠባሳው ኋላ በልብ ምት መመዝገቢያው ላይ ብቻ ይገኝ ነበር። ሕመም ስላልተሰማኝ ደኅና ነኝ የሚለው ክርክር በዚያ ቀን ውድቅ ሆነ፤ እኛ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሲነገር እሰማለሁ።

ጥናቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የከተማይቱ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ስለ ነበሩ፣ በእነርሱ ላይ የተገኘው ለሌላው ዘር ምን ያህል እንደሚሠራ ለብዙ ጊዜ አጠያያቂ ሆኖ ቆይቷል። ሃያው ዓመት ሲያልቅም መንግሥት ገንዘቡን ሊያቋርጥ ስለ ነበር ዶበር ከግል ለጋሾች እየለመነ አተረፈው፤ ከ1971 ጀምሮም የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ልጆች፣ ኋላም የልጅ ልጆቻቸው በወላጆቻቸው መዝገብ ላይ ተጨመሩ።

ከ1950 እስከ 1967፦ ሲጋራ፣ አውቶቡስና ቅቤ

ፍራሚንግሃም ውጤቷን በምትጠብቅበት ጊዜ ሎንዶን ቀድማ ተናገረች። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1950 ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ቁርኝት አሳይተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ልማዳቸው ጽፈው ጠየቁ፤ 40,000 ያህሉ መለሱ። መልስ የሰጡት ሐኪሞች ከዓመት ወደ ዓመት ሲሞቱ በተቆጠረ ጊዜ፣ ሲጋራ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ልብንም እንደሚገድል ታወቀ። በጥር 1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ የሲጋራን ጉዳት በይፋ አወጀ።

ጄሪ ሞሪስ ደግሞ በ1953 ያሳተመው ጥናት የሎንዶንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች የሚመለከት ነበር። በአንድ አውቶቡስ ላይ፣ በአንድ ጎዳና፣ ከአንድ ሰፈር የመጡ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ፤ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ ሕመም የሚወድቁት ግን ይልቁን ሹፌሮቹ ነበሩ። ሞሪስ ሐቀኛ ሰው ስለ ነበረ የራሱን ውጤት ራሱ ሞገተው፤ የደንብ ልብሳቸውን መዝገብ ቢያገላብጥ የሹፌሮቹ ወገብ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ የሰፋ መሆኑን አገኘና ይህንንም በ1956 አሳተመ። ሆኖም በእግሩ እየዞረ ደብዳቤ የሚያድለው ፖስተኛ በጠረጴዛ ከሚውለው ባልደረባው ይልቅ ልቡ የሚጸና መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ የእንቅስቃሴ ጥቅም የማይካድ ሆነ። ሄበርደን የጠቀሰው እንጨት ቆራጭ በመጨረሻ ምስክር አገኘ።

በመስከረም 1955 ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በዴንቨር ሳለ በልብ ሕመም ተመታ። የሩዝቬልት ሕመም ተደብቆ ነበር፤ የአይዘንሃወር ግን ያው ፖል ዳድሊ ዋይት በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ልብ እንዴት እንደሚታመም፣ ምግብና እንቅስቃሴ ምን እንደሚያደርጉ ለሕዝቡ እንደ አስተማሪ አብራራው። በእኔ ግምት ያች ዕለት ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ሠርታለች።

ስለ ምግብ የተደረገው ክርክር ግን ያን ያህል ጥርት ያለ አልነበረም። አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች፣ በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በሆላንድ፣ በጣሊያን፣ በዩጎዝላቪያ፣ በግሪክና በጃፓን፣ ከ40 እስከ 59 ዓመት ያሉ 12,763 ወንዶችን ተከታተለ፤ ቅቤና ወተት እንደ ልብ የሚበላበት ምሥራቅ ፊንላንድ በልብ ሞት ከሁሉ ላቀ፤ ወይራ ዘይት፣ ጥራጥሬና አትክልት የሚበላበት የግሪክ ደሴት ቀርጤስ ከሁሉ አነሰ። አገሮቹን እንደ ፈለገ መርጧል ተብሎ ተነቅፏል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ለእኛ አንባቢ የቀረበ ነው፤ የቀርጤስ ሰዎች ኦርቶዶክሳውያን ናቸውና ከምግብ ምርመራው አንዱ ክፍል በዐቢይ ጾም ተደርጎ ነበር። ኋላ የተነሡ ግሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የዚያ ገበሬ ልብ ጤና ከወይራው ዘይት ብቻ ሳይሆን በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ከመከልከሉም የመጣ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ።

በዚያው ወራት አንድ የማያስመሰግን ሥራም ተሠርቷል። የአሜሪካ የስኳር አምራቾች ማኅበር በሐርቫርድ ለሚገኙ ሊቃውንት ገንዘብ ከፍሎ፣ በልብ ሕመም ላይ የስኳርን ድርሻ አሳንሶ የስብን የሚያጎላ ጽሑፍ በ1967 እንዲያወጡ አደረገ፤ ውሉ የተጋለጠው በ2016 ነው። ስብ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ግን ሕዝቡ ሙሉውን እውነት የሚያውቅበት ግማሽ ምዕተ ዓመት በገንዘብ ተሸጠ፤ ይህን ያለ ቁጣ መጻፍ አይቻለኝም።

ከ1967 እስከ 1994፦ ሊታገዱ መቻላቸው የተመሰከረበት ዘመን

ምክንያትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ቢያስወግዱት ሕመሙ እንደሚቀር ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። ይህን ስለ ግፊት ያረጋገጠው ኤድዋርድ ፍራይስ ነው። በ1967 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች ታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን መድኃኒት፣ ለሌላው መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ቢሰጥ፣ ባዶውን በዋጡት ዘንድ 27 ከባድ አደጋዎች ሲደርሱ፣ መድኃኒቱን በዋጡት ላይ የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። የሩዝቬልት ሐኪሞች ያልነበራቸው መድኃኒት ይህ ነበር፤ ግፊት አይነካ የሚለውም ትምህርት በዚህ ተቀበረ።

ሆኖም መድኃኒት ለታወቀ በሽተኛ ነው። አንድ አገር በሙሉ ሊድን ይችላልን? ለዚህ መልስ የሰጠችው ያች በኪስ መዝገብ ከሁሉ የከፋችው ምሥራቅ ፊንላንድ ናት። ሰሜን ካሬሊያ የሚባለው ክፍለ ሀገር የእንጨት ቆራጮችና የድኻ ገበሬዎች ምድር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግንባር የተመለሰው ወታደር መሬት ተሰጥቶት ላም አረባ፤ ከረኃብ ዘመን የወጣ ሕዝብ ስለ ሆነም ቅቤን በዳቦው ላይ አብዝቶ መቀባትን፣ የሰባ ወተት መጠጣትን፣ ምግቡን በጨው ማጥገብን እንደ በረከት ቆጠረው፤ ወንዱም ከገሚስ በላይ ያጨስ ነበር። ጎልማሶቹ ገና ልጆቻቸውን ሳያሳድጉ በየጫካው ሥራ ላይ ሲወድቁ፣ የአገሩ ሰዎች በ1971 እርዱን ብለው ለመንግሥት ተማጸኑ። በ1972 ሥራው ተጀመረ፤ መሪውም ፔካ ፑስካ የተባለ፣ ገና ወጣት የሆነ ሐኪም ነበር።

ፑስካ በሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ አልጠበቀም። ሰው ብቻውን ልማዱን እንደማይለውጥ፣ የሚለወጠው ጎረቤቱና ገበያው ሲለወጡ መሆኑን አስተዋለና ወደ ኅብረተሰቡ ወጣ። ማርታ በሚባለው የቤት እመቤቶች ማኅበር አማካይነት ሴቶች በየመንደሩ ተሰብስበው የለመዱትን የካሬሊያ ወጥ ሥጋና ስቡን ቀንሰው አትክልቱን አብዝተው እንዲያበስሉ አደረገ፤ ቋሊማ የሚሠሩትን ፋብሪካዎች ስቡን እንዲቀንሱ ለመነ፤ ማጨስ ለመተው መንደርን ከመንደር አወዳደረ፤ ሲጋራ የሚተዉ ሰዎች በቴሌቪዥን እየታዩ ሕዝቡን እንዲያስከትሉ አደረገ። የወተት ነጋዴዎች ተቃወሙት፤ እርሱም ከመጣላት ይልቅ ላም አርቢው ወደ እንጆሪ መሰል ፍሬዎች እርሻ የሚሻገርበትን መንገድ ከሌሎች ጋር ፈለገ። ከ1977 በኋላ ሥራው በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ የሰሜን ካሬሊያ ወንዶች በልብ ደም ቧንቧ ሕመም መሞት ከመቶ 80 በላይ ቀነሰ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለእኔ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ የቀነሰው በድኻ ክፍለ ሀገር፣ በወጥ ድስት ዙሪያ በተሰበሰቡ ሴቶች ነውና።

የመድኃኒቱም ወገን አልተኛም። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ፣ በገበሬ ቤት ያደገ ሰው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲመረምር ቆይቶ በ1973 በሩዝ ላይ ከበቀለ አንድ ሻጋታ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚያግድ ነገር አገኘ። በዚሁ ዓመታት በዳላስ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ሰውነት ኮሌስትሮልን ከደም የሚያነሣበትን መንገድ ገልጠው በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስታቲን የተባለው የመድኃኒት ወገን ከዚህ ወጣ፤ በ1994 በስካንዲኔቪያ በ4,444 በሽተኞች ላይ ተፈትኖ የሞትን ቁጥር ከመቶ 30 ያህል ቀነሰ። ከአኒችኮቭ ጥንቸሎች እስከዚያ ድረስ 81 ዓመት አለፈ።

ከ2004 ወዲህ፦ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ሲገባ

የፍራሚንግሃም ጥያቄ፣ ማለት ለነጩ የተገኘው ለሌላው ይሠራልን የሚለው፣ በ2004 መልስ አገኘ። በካናዳ የሚኖረው ሳሊም ዩሱፍ የመራው ጥናት አፍሪካን ጨምሮ በ52 አገሮች በልብ ሕመም የተመቱትንና ያልተመቱትን ሰዎች ቢያስተያይ፣ ሲጋራ፣ የተዛባ የደም ስብ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የሆድ ውፍረት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ማነስ፣ እንቅስቃሴ ማጣትና የመጠጥ ሁኔታ፣ እነዚህ ዘጠኙ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ዘር ከመጀመሪያው ድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋ ከመቶ 90 ያህሉን የሚሸከሙ ሆነው ተገኙ።

የእኛ ሰው ለዚህ ሕመም ባዕድ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን የዚህን እምነት ልክ አሳይተዋል፤ ከጎንደር ገጠር ወጥተው ሲደርሱ ቀጫጮችና ግፊታቸው ዝቅ ያለ የነበሩት ሰዎች፣ የከተማ ኑሮና የከተማ ምግብ ከለመዱ በኋላ በስኳርና በግፊት ይያዙ ጀመር። ደማቸው አልተለወጠም፤ ኑሯቸው ተለወጠ እንጂ። በአዲስ አበባም በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የቀብር ቦታ የሟቾችን መዝገብ ይዘው፣ ቤተሰቡን እየጠየቁ የሞትን ምክንያት የመረመሩ ሊቃውንት፣ ከሞቱት ዐዋቂዎች ገሚስ ያህሉን የወሰዱት ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፉ ሕመሞች መሆናቸውን አገኙ። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ዳሰሳ ከመቶ ዐዋቂዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የምንበላው ጨውም የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው ከ5 ግራም በእጅጉ ያልፋል።

ጾማችን፣ ሽሯችን፣ ምስራችን፣ የኑጉና የሰሊጡ ዘይታችን ለልብ የተስማሙ ናቸው፤ በቀርጤስ የተመሰገነው ዓይነት ገበታ በአያቶቻችን ቤት ነበረ። ነገር ግን በሚረጋው የፓልም ዘይት የተጠበሰ ምግብ የጾም ስለ ሆነ ብቻ ለልብ ደግ አይሆንም፤ ሲፈስክም አንድ ሳምንት ሙሉ ቁርጥና ክትፎ፣ ቅቤና ጠጅ ማከታተል የጾሙን ጥቅም ያፈርሰዋል።

የእኛን አገር ልብ የሚያቆስል ሌላም ሕመም እንዳለ ሳልጠቅስ ባልፍ ትረካው ጎደሎ ይሆናል። ሕፃናት በጉሮሮ ቁስለት ሲያዙ ሳይታከሙ ቢቀሩ፣ አንዳንዶቹ የልባቸው በሮች ይበላሻሉ፤ ይህን በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ያግደዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርና በጥቁር አንበሳ ግቢ የቆመው የልብ ማዕከል ለእነዚህ ልጆች የተነሡ ናቸው። እንግዲህ እኛ ሁለቱን ሸክም በአንድ ትከሻ ተሸክመናል፤ የድኽነትን የልብ ሕመምና የምቾትን የልብ ሕመም።

መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን፣ የሲጋራን ማስታወቂያና ሺሻን ከልክሏል፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያን አግዷል። መልካም ሕግ ነው፤ በየመጠጥ ቤቱ መከበሩን መጠበቅ ግን የእያንዳንዳችን ነው።

ስለዚህ ዕድሜያችሁ ከ30 ያለፈ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ምንም ሳያማችሁ በዚህ ሳምንት ወደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ግፊታችሁን ተለኩ፣ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ያዙ፤ ስኳራችሁንም ተመርመሩ። ቁጥሩ በተደጋጋሚ ከ140 በ90 ካለፈ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ ያዘዘላችሁን ክኒን ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ጠበል የምትጠመቁም ብትሆኑ ክኒኑን ሳትተዉ ተጠመቁ። በወጣችሁ ጊዜም እናታችሁንና አባታችሁን አስከትላችሁ ሂዱ።